ታብሌቱን ከልጁ እጅ አትንጠቁ

አንድ የስምንት ዓመት ልጅ አስቡ። ኦቲዝም አለበት፤ በአፉ አይናገርም። የሚናገረው በታብሌቱ ነው። ሥዕል ሲነካ መሣሪያው ድምፅ አውጥቶ "ውሃ"፣ "አቁም"፣ "አመመኝ" ይልለታል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ይረበሻል። ወንበር ይገፋል፣ ይጮኻል፣ ጆሮውን ይደፍናል። አስተማሪዋ ሁሉንም ልጅ በአንዴ ማየት አለባትና ትዕግሥቷ ያልቃል፤ ታብሌቱን ወስዳ ቁም ሣጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች። "አደብ ስትገዛ ይመለስልሃል።"

መጫወቻ የወሰደች መስሏታል። ልጁ ያጣው ግን አንደበቱን ነው። ምን እንደረበሸው ሊነግራት የሚችልበት ብቸኛ መንገድ ተቆለፈ። በአፉ የሚናገር ልጅ ስላጠፋ አፉ ቢታሸግ ሁላችንም እንጮህ ነበር። ይህ ሲሆን ግን ብዙ ሰው ነገሬ አይለውም፤ እንዲያውም እንደ ጥሩ ቅጣት የሚያየው አለ።

ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ዕቃው ይሆናል። የትኛው አፕ ይሻላል፣ ምን ዓይነት ሮቦት መጣ፣ ስንት ታብሌት ተገዛ። ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው እላለሁ፦ ይህ መሣሪያ ለልጁ ምኑ ነው? ዝም ማሰኛው ነው? ሥራውን ሲጨርስ የሚሰጠው ሽልማት ነው? ወይስ የሚማርበትና የሚናገርበት የራሱ ነገር? ይህ ሳይጠራ የተገዛ ዕቃ የፈለገ ውድ ቢሆን ለልጁ የሚጠቅመው ትንሽ ነው።

አንድ ነገር እናጥራ። ኦቲዝምና የአእምሮ እድገት ውስንነት አንድ አይደሉም። ኦቲዝም በዋናነት የሚታየው ከሰው ጋር በመግባባት፣ በሚደጋገሙ ድርጊቶች፣ በአንድ ነገር ላይ አጥብቆ በማተኮር፣ እንዲሁም ልጁ ድምፅን፣ ብርሃንንና ንክኪን በሚቀበልበት መንገድ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ደግሞ መማርንና ማገናዘብን፣ ራስን ችሎ የዕለት ኑሮን መምራትንም ይነካል። ሁለቱ አንድ ልጅ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ የአእምሮ ምዘና ውጤት ከነበራቸው ኦቲዝም ያለባቸው የ8 ዓመት ልጆች መካከል 38 በመቶ ያህሉ የአእምሮ እድገት ውስንነትም ነበረባቸው። በሌላ በኩል ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚገመቱት ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላም በአፋቸው የሚያወጡት ቃል ጥቂት ነው፣ ወይም ጭራሽ የለም። ስለዚህ "ለኦቲዝም የሚሆን አፕ" ተብሎ ለሁሉም የሚታደል ነገር የለም። አንዱ ልጅ በታብሌቱ ኮድ መጻፍ ይማራል፤ ሌላው "አልፈልግም" ማለትን ይማርበታል። ሁለቱም ትልቅ ነገር ናቸው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 ኤድንብራ ውስጥ ሲልቪያ ዊርና ሪኪ ኢማኑኤል የተባሉ ተመራማሪዎች ኦቲዝም ያለበትን አንድ ልጅ ሎጎ በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ከምትታዘዝ ሮቦት ጋር አገናኙት። መሬት ላይ የምትሄድ ትንሽ "ኤሊ" ናት። ኤሊዋ ለልጁ ከሰው ጋር መግባቢያ ሰበብ ሆነችው። በ1985 (ይህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው) ደግሞ አንዲ ቦንዲና ሎሪ ፍሮስት ደላዌር በተባለው የአሜሪካ ግዛት ፔክስ የሚባለውን የሥዕል ልውውጥ ዘዴ ፈጠሩ። ይኼኛው መብራት እንኳ አይፈልግም። ልጁ የሚፈልገው ነገር ሥዕል ያለበትን ካርድ አንሥቶ ለሰው ይሰጣል፤ ሰውየው ካርዱን ተቀብሎ ነገሩን ይሰጠዋል። ልብ በሉ፣ ሥዕሉን መጠቆም ብቻ አይበቃም። ልጁ ሰው መፈለግ፣ ወደ ሰውየው መሄድ፣ እጁ ላይ ማስቀመጥ አለበት። ለመግባባት ሌላ ሰው እንደሚያስፈልግ የሚያስተምረው ያ እርምጃ ነው። በኋላ ከመጡት አፖች ብዙዎቹ ይህን ዘነጉት፤ ስክሪኑ ራሱ መልስ ስለሚሰጥ ልጁ ወደ ሰው የሚዞርበት ምክንያት አያገኝም።

የንግግር መሣሪያ ለረጅም ጊዜ ለዚሁ ብቻ የሚሠራ፣ ከባድና በጣም ውድ ዕቃ ነበር። በ2009 ፕሮሎኩዎቱጎ የሚባለው አፕ ሲወጣ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ አይፓድ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ያው ሥራ ሰው ሁሉ በሚይዘው ዕቃ መሠራት ጀመረ። ለታዳጊዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኩዮቻቸው የያዙትን የሚመስል ነገር መያዝ ይፈልጋሉ። ግን ችግርም አብሮ መጣ። ዕቃው ጨዋታም ቪዲዮም ስላለው አዋቂው ሁሉንም "ስክሪን" ብሎ ጠቀለለው። ያቺ አስተማሪ የተሳሳተችውም በዚህ ነው። ከተቻለ የልጁ መናገሪያ ለብቻው ይሁን፣ ጨዋታው በሌላ ዕቃ። ሁለት መግዛት ካልተቻለ ታብሌቱን አንድ አፕ ላይ ብቻ የሚያቆም ቅንብር አለ፤ አይፓድ ላይ ጋይድድ አክሰስ ይባላል፣ ከ2012 ጀምሮ አለ። አንድሮይድም የራሱ አለው።

"እንዲህ ከለመደማ በአፉ መናገር አይሰንፍም ወይ?" ይህን የማይጠይቅ ወላጅ የለም ማለት ይቻላል፤ የሚጠይቁ ባለሙያዎችም አሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል። ልጃቸው አንድ ቀን "እማዬ" ሲል ለመስማት ዓመታት የጠበቁ ሰዎች ናቸው። ማስረጃው ግን አያስፈራም። በ2006 ሚላር፣ ላይትና ሽሎሰር የተባሉ ተመራማሪዎች የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። በጥንቃቄ ከተጠኑት 27 ሰዎች መካከል አማራጭ መግባቢያ (እንደ ሥዕል፣ ምልክት ወይም የንግግር መሣሪያ ያለ) በመጠቀሙ ንግግሩ የቀነሰ አንድም አልተገኘም፤ 89 በመቶዎቹ እንዲያውም ጨመሩ። ጭማሪው በአብዛኛው መጠነኛ ነው፣ ተአምር የሚጠብቅ ያዝናል። በ2014 ደግሞ ኮኒ ካሳሪና ባልደረቦቿ ጥቂት ቃል ብቻ የነበራቸውን፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 8 የሆኑ 61 ልጆችን ሁለት ቦታ ከፈሉ። ሁሉም በጨዋታ የሚሰጥ አንድ ዓይነት ትምህርት አገኙ፤ የአንደኛው ቡድን ልጆች ግን የንግግር መሣሪያም ተጨመረላቸው። ማንም ሳይጠይቃቸው ከራሳቸው ተነሥተው በመናገር የበለጡት እነዚህኞቹ ናቸው። ትምህርቱን ግን የሰጠው ሰው ነው፤ መሬት ቁጭ ብሎ አብሯቸው የተጫወተ ሰው።

ይህን ነጥብ ላብራራው፤ አብዛኛው ሙከራ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ሕፃን የመጀመሪያ ቃሉን ከማውጣቱ በፊት አንድ ዓመት ያህል ሲያወሩት ይከርማል። "ገና አልተናገረምና ማውራታችንን እንተው" የሚል ቤተሰብ የለም። ታብሌት የተሰጠው ልጅስ? ሥዕል የሞላበት ሰሌዳ ይሰጠውና "ተናገር" ይባላል። በዙሪያው በዚያ ሰሌዳ የሚናገር አንድም ሰው የለም። ሦስት ወር ይጠብቁትና "ሞክረንለት ነበር፣ አልሆነለትም" ይላሉ፤ ዕቃውም መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ያንን ቋንቋ ማንም ሲናገርበት ሳያይ እንዴት ይልመደው? አዋቂው ራሱ በመሣሪያው ያውራ። በአፉ "እንሂድ" እያለ "ሂድ" የሚለውን ሥዕል ይንካ። ኳሷ ተንከባልላ ስትቆም "እንደገና"፣ ሲደክመው "ደከመኝ" የሚለውን ይንካ። ልጁ እንዲደግም አያስገድደው። ይንካና ይጠብቅ። ከሁሉ የሚከብደው መጠበቁ ነው። ዝም ብሎ አሥር ሰከንድ መቁጠር ለአስተማሪ ረጅም ጊዜ ነው፤ ነገሩን በልቡ እያብላላ ላለ ልጅ ግን አጭር ነው።

ሰሌዳው ላይ የሚሰፍረው ቃልም ወሳኝ ነው። ብዙ ሰሌዳዎች በዕቃ ስም የተሞሉ ናቸው፦ ኳስ፣ ውሃ፣ መጽሐፍ፣ ሽንት ቤት። በእነዚህ መለመን ይቻላል፣ ማውራት ግን አይቻልም። የዕለት ንግግራችን አብዛኛው የሚሠራው በጥቂት መቶ ቃላት ነው፤ እኔ፣ አንተ፣ ና፣ ሂድ፣ ሌላ፣ አቁም፣ የት፣ ለምን፣ አለቀ፣ የኔ ነው። እነዚህ ከዕቃው ስም ይቅደሙ፣ ቋሚ ቦታም ይኑራቸው። ጣት ቦታ ያስታውሳል፤ እኛም ስልካችን ላይ ስንጽፍ እያንዳንዱን ፊደል አንፈልግም። ሥዕሉ ቦታ በቀየረ ቁጥር ልጁ ከዜሮ ይጀምራል። ከዚህ ሁሉ በላይ "አልፈልግም"፣ "ያማል"፣ "ነካኝ"፣ "ፈራሁ" የሚሉት ቃላትና የሰውነት ክፍሎች ስም፣ የሚያሳፍሩትም ጭምር፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰሌዳው ላይ ይኑሩ። አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከሌሎች ልጆች ይበልጥ ለጥቃት የተጋለጡ ናቸው። የደረሰበትን መናገር የማይችል ልጅ ደግሞ ለአጥቂ የተመቸ ነው። በይሉኝታ የተሰረዘች አንዲት ቃል ልጁ አንድ ቀን ሊጮኽባት የሚፈልጋት ቃል ልትሆን ትችላለች።

የልጁ ድምፅ የራሱ የልጁ መሆኑም መረጋገጥ አለበት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፋሲሊቴትድ ኮሚዩኒኬሽን የሚባል ዘዴ አሜሪካ ውስጥ በፍጥነት ተስፋፋ። ረዳቱ የልጁን እጅ ወይም ክንድ ይይዛል፣ ልጁ ፊደል ይነካል። ተናግረው የማያውቁ ልጆች ረጃጅም ጽሑፍ ጻፉ ተባለ። በፈተና ልጁና ረዳቱ የተለያየ ሥዕል እንዲያዩ ሲደረግ ግን የሚጻፈው ረዳቱ ያየው ሆኖ ተገኘ። ረዳቶቹ አውቀው አላታለሉም፤ ሳይታወቃቸው የልጁን እጅ ይመሩ ነበር። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ1994፣ የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበር ደግሞ በ2018 ዘዴውን ተቃውመዋል። ስሙን ቀይሮ፣ ታብሌት ይዞ ሲመጣ የሚለየው በአንድ ጥያቄ ነው። እጁን ማንም ሳይነካው፣ ሰሌዳውንም ማንም ሳያንቀሳቅስለት ራሱ መርጧል ወይ?

ወደ ክፍል ትምህርቱ ስንመጣ ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ የተዘነጋው በስልክ የሚቀረጽ ቪዲዮ ነው። አንድ ሰው ሥራውን ሲሠራ ይቀረጻል፣ ተማሪው ያያል፣ ይሞክራል። አሜሪካ ውስጥ በኦቲዝም ላይ የተሠሩ ጥናቶችን የሚገመግም ብሔራዊ ማዕከል በ2020 ባወጣው ሪፖርት ማስረጃ አላቸው ብሎ የዘረዘራቸው ዘዴዎች 28 ናቸው፤ በቪዲዮ ማሳየት አንዱ ነው። ለምን ይሠራል? ቪዲዮው አይለዋወጥም። አስተማሪ እጅ መታጠብን አምስት ጊዜ ስታሳይ ፍጥነቷም፣ ድምጿም፣ ፊቷም አምስት ዓይነት ነው። ቪዲዮው ያው ነው፣ አይሰለችም፣ አይኔን እየኝ አይልም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ተማሪ ደግሞ ሥራውን ቆራርጦ ማሳየት ይሻላል። ቧንቧ መክፈት ለአምስት ሰከንድ ታየ፣ ተሠራ። ከዚያ እጅ ማርጠብ፣ ከዚያ ሳሙና። ካሜራው ከሠሪው ዓይን አቅጣጫ ሆኖ እጆቹን ብቻ ቢያሳይ ልጁ የትኛውን ነገር ማየት እንዳለበት አይጠፋበትም። ሙዚቃ አያስፈልግም፣ ከኋላ የሚታየውም ባዶ ቢሆን ጥሩ ነው።

ልጁ እየቻለ ሲሄድ እርዳታው መቀነስ አለበት። ይህን የማያውቁ አፖች ሞልተዋል። ልጁ ትንሽ ሲዘገይ ትክክለኛውን መልስ ያበሩለታል። ልጁም ብልህ ነውና ማሰቡን ትቶ መብራቱን ይጠብቃል። ሪፖርቱ ላይ መቶ ከመቶ ይወጣል፤ የተማረው ግን መብራት መከተልን ነው። አፕ ስትመርጡ እርዳታውን መቀነስና ማጥፋት ይቻል እንደሆነ መጀመሪያ ቅንብሩን ክፈቱና እዩ።

ደግሞ ዕድሜ የሚባል ነገር አለ። የ17 ዓመት ወጣት ፊደል ገና እየለየ ስለሆነ ብቻ ለሦስት ዓመት ሕፃን የተሠራ፣ ጥንቸል የምትዘልበት አፕ ሲሰጠው ሳስብ አዝናለሁ። ትምህርቱ ላይ ጀማሪ ነው እንጂ ሕፃን አይደለም። ያንኑ ፊደል በራሱ ስም፣ በሚደግፈው የኳስ ቡድን ስም፣ ሊሠራበት በሚመኘው ቦታ በር ላይ ባሉ ምልክቶች መማር ይችላል። የእሱን ፎቶዎች ስልክ ላይ አስገብቶ እንዲህ ያለ ትምህርት ማዘጋጀት ከአንድ ከሰዓት በላይ አይፈጅም።

ትልቁ ራስ ምታት ግን ስክሪኑ ላይ የተማሩት ስክሪኑ ላይ ሲቀር ነው። ተማሪው በአፑ ሳንቲሞችን አንድ በአንድ በትክክል ይለያል። እውነተኛ ሳንቲም መዳፉ ላይ ሲቀመጥለት ግን ዝም ብሎ ያየዋል። አላዋቂ ሆኖ አይደለም፤ ኦቲዝምም ሆነ የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸው ልጆች ዘንድ አንድ ቦታ የተማሩትን ሌላ ቦታ መጠቀም በራሱ መማር ያለበት ነገር ነው። ስለዚህ ስክሪኑን "ጨርሶ" እስኪወጣ አይጠበቅም። ጠዋት ስክሪኑ ላይ የታየው ሳንቲም በዚያው ቀን ጠረጴዛ ላይ ይምጣ፣ በዚያው ሳምንት በእውነተኛ ግዢ ይሞከር፤ ከሌላ ሰው ጋር፣ በሌላ ክፍል፣ በአሮጌም በአዲስም ሳንቲም። ከሰው ጋር ያልተሞከረን ነገር እንደተማረ አልቆጥረውም።

ሮቦቶችና ቨርቹዋል ሪያሊቲ፣ ማለትም በኮምፒዩተር ምስል የተሠራ እውነተኛ የሚመስል ዓለም፣ ጋዜጣ ላይ ያምራሉ። ተስፋም አላቸው። በ2018 የወጣ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ለ12 ቤተሰቦች ለ30 ቀናት ሮቦት ቤት ውስጥ አስቀምጦ የልጆቹ ማኅበራዊ ክህሎት ሲሻሻል አይቷል። በእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ ውስጥ ደግሞ ከባድ ፍርሃት ያለባቸው ዘጠኝ ልጆች ዙሪያውን በምስል በተሸፈነ ክፍል ውስጥ የሚፈሩትን ነገር ቀስ በቀስ ተለማመዱ፤ ስምንቱ ተሻላቸው። ደስ ይላል፣ ግን ቁጥሮቹን እዩ። ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት። እነዚህ እስኪመጡ ብሎ ሥዕል ያለበትን ካርድ የሚያዘገይ ትምህርት ቤት ካለ የልጁን ጊዜ እያባከነ ነው።

የምንስማማበት የማይመስለኝ አንድ ነገርም አለ፣ ልናገረው። አንዳንድ ሶፍትዌሮች የተሠሩት ልጁ ሰውን ዓይን ለዓይን እንዲያይ፣ እጁን ማራገብ እንዲተው ለማሠልጠን ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ አዋቂዎች ዓይን ለዓይን ማየት እንደሚጨንቃቸው፣ አንዳንዶቹም ሲያዩ መስማት እንደሚያቅታቸው ሲናገሩ ኖረዋል። ራሱ ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊው ምሁር ዴሚየን ሚልተን በ2012 አለመግባባቱ የሁለት ወገን እንደሆነ ጻፈ፤ እነሱ እኛን መረዳት እንደሚከብዳቸው እኛም እነሱን መረዳት ይከብደናል። በዚህ እስማማለሁ። መሣሪያ ልጁ ሐሳቡን እንዲያወጣ ይርዳው። ሌላ ሰው እንዲመስል ማለማመጃ ሲሆን ግን ልጁ የሚማረው ራሱን መደበቅ ነው።

ስለ ገንዘብ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 ባወጡት ሪፖርት ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ቢያንስ አንድ አጋዥ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል፤ በአንዳንድ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገሮች የሚያገኙት ከሚያስፈልጋቸው 3 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው። ይህ በአፕ አይፈታም። ግን ነገ ጠዋት የሚጀመር ነገር አለ። አራሳክ የሚባለው፣ በስፔን የአራጎን ክልል መንግሥት የሚተዳደር የሥዕል ስብስብ፣ ለንግድ እስካልዋለ ድረስ በነፃ ይወርዳል። ሲቦርድ የሚባል ነፃ የመግባቢያ ሰሌዳ በስልክም በኮምፒዩተርም ይከፈታል። ቋንቋችሁን ጥሩ አድርጎ የሚያነብ የኮምፒዩተር ድምፅ ካጣችሁ የልጁን እኩያ ድምፅ ቅረጹ፤ የስምንት ዓመት ልጅ እንደ ትልቅ ሰው ለምን ይናገራል? ታብሌቱ ላይ ያለውን ሰሌዳ ደግሞ እንዳለ አትማችሁ በላስቲክ አስለብጡት። ባትሪ ያልቃል፣ ስክሪን ይሰበራል፣ መዋኛ ውስጥ ታብሌት አይገባም። ያኔ ልጁ ወረቀቱ ላይ ይጠቁማል።

በመጨረሻ፣ ታብሌት የሚገዛም ሆነ የሚለግስ ሰው ብዙ ጊዜ የማይጠይቀው ጥያቄ አለ። ዓርብ ማታ ዕቃው የት ያድራል? የትምህርት ቤት ንብረት ነው ተብሎ ክፍል ውስጥ የሚቆለፍባቸው ቦታዎች አሉ። ልጁ ከዓርብ እስከ ሰኞ ዝም ይላል። ትምህርት ሲዘጋ ለወራት ዝም ይላል። ሌሊት ቢያመው፣ እሑድ ከእህቱ ጋር ቢጣላ፣ ደስ ቢለው፣ ቃሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ ዕቃው ሲሰጥ ከልጁ ጋር ቤት እንደሚገባ፣ ማን ቻርጅ እንደሚያደርገው፣ ቢሰበር ማን እንደሚያስጠግነው፣ እስኪጠገን በምን እንደሚናገር፣ ቤት ውስጥ ማን በሰሌዳው እንደሚያወራው ያኔውኑ በጽሑፍ ይሁን። ቅጣትን የሚመለከት አንድ መስመርም ይጨመር፦ በማንኛውም ጥፋት ምክንያት ከልጁ አይወሰድም።